ግምቴ ለምን ሁሌ ይስታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነኝ። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግን ከልቤ ነው የምከታተለው። የድሬዳዋ ከተማ ሴቶች ጨዋታ ሲኖር ከወንድሜና ከጓደኞቹ ጋር ውጤት እንገማመታለን፣ የሳተ ሙሸበክ (ጣፋጩን) ይገዛል። ሁሌ የምገዛው እኔ ነኝ። ድሬዎች ያሸንፋሉ ስል ይሸነፋሉ፣ ይሸነፋሉ ስል አቻ ይወጣሉ። ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ሲገናኙማ ወንድሜ ምንም ሳያይ «3 ለ 0 ባንክ» ይላል። ጨዋታ በደንብ የሚገመተው እንዴት ነው?

መልስ፦ አቦ፣ የምትስቺው ኳስ ስለማታውቂ አይደለም። ትክክለኛውን ጎል መገመትና አሸናፊውን መገመት በጣም ይለያያሉ፣ እናንተ የያዛችሁት ደግሞ ከባዱን ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። እንበልና አንዱ ቡድን በአማካይ በጨዋታ 2 ጎል ያገባል፣ ሌላኛው 1። ለኳስ ግምት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፖይሰን የሚባል ስሌት አለ። በሱ ስናሰላው ሁለቱ 100 ጊዜ ቢጫወቱ ጠንካራው 61 ያህሉን ያሸንፋል፣ 21 ያህሉ አቻ ያልቃል፣ 18 ያህሉን ደካማው ይወስዳል። 18 ቀላል ቁጥር አይደለም! አሁን ጎሉን እይው። 1 ለ 0፣ 2 ለ 0፣ 2 ለ 1 እና 1 ለ 1 እያንዳንዳቸው ከ100 ውስጥ የሚመጡት 10 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ማለትም ከሁሉም የተሻለውን ግምት መርጠሽም ከ10 ጊዜ 9ኙን ትስቻለሽ። የወንድምሽ 3 ለ 0 በዚህ ምሳሌ 7 ጊዜ ያህል ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጨዋታችሁን ቀይሩት። «ማን ያሸንፋል፣ ከ100 ስንት እርግጠኛ ነሽ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከ10 ጨዋታ በኋላ ቁጠሩት። ማን ኳስ እንደሚያውቅ ያኔ ይለያል።

አማካዩን ከየት ታመጪዋለሽ? ካለፈው አንድ ጨዋታ አታምጪው። ቢያንስ የ8 ወይም የ10 ጨዋታ ውጤት ደብተር ላይ ያዢ፣ ያገባውንም የገባበትንም። ከዚያ ከማን ጋር እንደሆነ አጠገቡ ጻፊ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ንግድ ባንክን ተመልከቺ። እዚህ አገር ዋንጫ የለመደ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ ለተካሄደው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አለፈ፣ በጣም ያኮራን ነገር ነው። እዚያ ግን ከምድቡ ማለፍ አልቻለም። ቡድኑ ያው ነው፣ የተለወጠው ተጋጣሚው ነው። በሰፊ ጎል ያሸነፈ ቡድን ስታዪ መጀመሪያ ማንን እንዳሸነፈ ጠይቂ።

ሁለተኛው ነገር አሰላለፍ ነው። ሎዛ አበራ በዚያው ዓመት ከባንክ ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር ሄደች። እንደሷ ያለች አጥቂ ስትሄድ ያለፈው ዓመት የጎል ቁጥር ለዘንድሮ ግምት ብዙም አያገለግልሽም። በረኛም እንደዚያው። ዋናዋ በረኛ ተጎድታ ተጠባባቂዋ ከገባች እኔ ግምቴን ወዲያው ነው የምቀይረው፣ ምክንያቱም በሴቶች ሊጋችን በአንደኛዋና በሁለተኛዋ በረኛ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ሰፊ ሆኖ አይቼዋለሁ። ቢጫ ካርድ ያከማቸች ተከላካይም አትርሺ።

ሜዳና ሰዓትስ? ውድድሩ በአንድ ከተማ ተሰባስቦ የሚካሄድ ከሆነ «በሜዳቸው ስለሆነ» የሚለውን ተይው፣ ለአስተናጋጇ ከተማ ቡድን ካልሆነ በቀር አይሠራም። ድሬ ላይ ከሆነ ግን ሙቀቱን አስቢ። እኛ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከደጋ የመጣ ቡድን ቀን 8 ሰዓት ላይ እዚህ ሲጫወት የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ይከብዱታል፣ በተለይ ተጠባባቂ ወንበሩ ሳሳ ያለ ከሆነ። ጨዋታው 10 ሰዓት ላይ ከሆነ ይህ ነገር ይቀንሳል። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለተኛ ጨዋታው የሆነ ቡድንም እንደዚያው ይደክማል።

ከሁሉም በላይ የምልሽ ግን ስታዲየም ግቢ። ስለ ወንዶቹ ሊግ ሬዲዮው፣ ቴሌግራሙ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ስለ ሴቶቹ የሚጻፈው ጥቂት ነው፣ እኔን ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር ነው፣ ልጆቹ ያንን ያህል ለፍተው! ግን ለገማች ይህ ዕድል ነው። ሜዳ ገብታ ማን እንደምታነክስ፣ ማን የቆመ ኳስ እንደምትመታ፣ የትኛዋ የመስመር ተከላካይ ከኋላዋ ቦታ እንደምትተው በዓይኗ ያየች ልጅ ካልገባው ወንድሟ በብዙ ትበልጣለች። ወንድምሽ የሚገምተው በማሊያ ስም ነው። አንቺ በተጫዋቾቹ ገምቺ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው፣ ጀጎል ውስጥ ሱቅ አለኝ። የሴቶችን ጨዋታ ጨምሬ በቤቲንግ አራት ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ ልቆርጥ አስቤያለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም ወንድሜ፣ ተው። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ቤቲንግ ቤቱ ለቆረጥክበት ለአንድ ብር ጠንካራው ካሸነፈ 1.50፣ አቻ ከሆነ 4.00፣ ደካማው ካሸነፈ 5.50 ይከፍላል እንበል። ማንም ቢያሸንፍ 100 ብር እንዲደርስህ ሦስቱንም ብትቆርጥ 66.70፣ 25 እና 18.20 ብር ያስፈልግሃል። ድምሩ 109.90 ነው። 10 ብር ገደማዋ ገና ኳሱ ሳይነካ የቤቱ ናት። አራት ጨዋታ ስትደራርብ ደግሞ ይብሳል። ቅድም ያልነው 61 ከ100 የማሸነፍ ዕድል ያላቸውን አራት ጠንካራ ቡድኖች መርጠህ እንኳ አራቱም አብረው የሚያሸንፉት ከ100 ቲኬት 14 ያህሉ ላይ ብቻ ነው።