የደም ግፊት ክኒንና አብረውት የሚወሰዱ መድኃኒቶች፦ ጥያቄና መልስ

አንድ አንባቢ ለደም ግፊት አቴኖሎል እንደሚወስዱ ገልጸው፣ ራሳቸውን ሲያማቸው ፓራሲታሞል መዋጥ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ይችላሉ፤ በውኃ የሚሟሟው ዓይነት ግን ሶዲየም ስለሚበዛበት ይቅርብዎ።

ሌላው ጠያቂ ለጉልበታቸው ሕመም ያለ ማዘዣ ዲክሎፌናክ እየገዙ በየዕለቱ ይውጣሉ። ግፊታቸው አልወርድ ስላለ፣ «አቴኖሎሉን ሰውነቴ ለመደው ወይ?» ይላሉ።

አልለመደውም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ስለሚያደርጉ የግፊት መድኃኒትን ሥራ ያዳክማሉ። ሐኪምዎ ይህን ካላወቁ የክኒኑን መጠን በከንቱ ሊጨምሩልዎ ይችላሉና ሳይደብቁ ይንገሯቸው።

አንዲት ልጅ ስለ እናቷ ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፋልናለች። እናቷ ለዓመታት አቴኖሎል ሲወስዱ ኖረው፣ በቅርቡ ለግላኮማ ቲሞሎል የተባለ የዓይን ጠብታ ከታዘዘላቸው ወዲህ ሲነሡ ያዞራቸዋል፤ የልብ ምታቸውም በደቂቃ 46 ሆኖ ተለክቷል። «ክኒኑን ላስቁማቸው?» ትላለች።

በራስሽ ውሳኔ አታስቁሚያቸው። ይህ ክኒን በድንገት ሲቋረጥ፣ በተለይ የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይ፣ የደረት ውጋት አልፎም ሃርት አታክ ሊያስከትል ይችላል። ቀጠሮ ግን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰጃቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ቲሞሎል ከአቴኖሎል ጋር የአንድ ወገን መድኃኒት ነው፤ ዓይን ላይ የተንጠባጠበውም በእንባ መውረጃው ወደ አፍንጫ አልፎ ደም ውስጥ ስለሚገባ፣ እናትሽ ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት በሁለት በኩል እየወሰዱ ነው ማለት ነው። ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም የተባሉት ክኒኖችም ከአቴኖሎል ጋር ሲገናኙ የልብ ምትን ከመጠን በላይ ሊያዘገዩ ይችላሉ። እጅግ የሚያሳስበኝ፣ «ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ስለ ጠብታ የሚናገሩ ሰዎች ጥቂት መሆናቸው ነው። የዓይን ሐኪሙ ስለ ክኒኑ፣ የግፊቱም ሐኪም ስለ ጠብታው ማወቅ አለባቸው፤ ስለዚህ ስትሄዱ ሁሉንም፣ ጠብታውንም ጭምር፣ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። ግላኮማ ዓይን የሚያጠፋ በሽታ በመሆኑ ጠብታውንም በራሳችሁ አትተዉት፤ በሌላ ዓይነት መተካት ካለበት ሐኪሙ ይወስናል።

የመጨረሻው ጠያቂ ኢንሱሊን የሚወጉ ናቸው፤ የአቴኖሎል ወገን የሆነው ፕሮፕራኖሎል ስለታዘዘላቸው ስኳራቸው ሲወርድ እንደ ቀድሞው ይታወቃቸው እንደሆነ ሥጋት ገብቷቸዋል።

ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ መድኃኒቱ ሊሸፍነው ይችላል፤ ማላብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጠፋ፣ ያለ ምክንያት ሲያልብዎ ወዲያው ስኳርዎን ይለኩ። ፕሮፕራኖሎልን ያዘዙልዎት ሐኪም ኢንሱሊን እንደሚወጉ ማወቃቸውንም ያረጋግጡ።