መልስ፦ ጠላው የአያቴን ጠላ ሽታ ያጣው ለምንድን ነው?
እህቴ፣ ጌሾውም ብቅሉም ከአገር ቤት መጥቶልሽ ሽታው ከጠፋ፣ እኔ የምጠረጥረው ዕቃውን ነው። በፕላስቲክ ባልዲ ጠነሰስኩ ብለሻል። እናቶቻችን እንስራውን በግራዋ ቅጠል ፍትግ አድርገው ያጥቡና፣ ፍም ላይ የወይራ ስንጥር ጣል አድርገው አፉን ደፍተው ያጥኑታል። ጭሱ ሸክላው ውስጥ ይሰርጋል፤ ፕላስቲክ ይህን አይችልም። ልጅ ሆኜ እንስራው ሲታጠን ከአፉ ቀስ እያለ የሚወጣውን ጭስ ቆሜ አይ ነበር፤ ዛሬም ጠላ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ትንሽም ብትሆን የሸክላ ማሰሮ ፈልጊ። ማጠኑን ግን ደጅ አድርጊው፣ የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ አደገኛ ነው። ጭሱ በኖ ሳያልቅ ጥንስሱን ጨምሪና ክደኚው። አሻሮውንም ጠቆር እስኪል ቁዪው፤ ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ ነው።