ፊልሙ ሳይደርቅ ሞኖመር አትሙሉ

በቅርቡ አንዲት ወጣት ኬሚስት ጻፈችልኝ። ፖላራይዝድ የመነጽር ሌንስ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ሁለት ክፍል አስመርጠዋታል፤ ሞኖመር (ጠንክሮ ሌንስ የሚሆነው ፈሳሽ) ቅመማ ወይም ፊልም ዝግጅት። «የፊልሙ ክፍል የእጅ ሥራ ነው ይሉኛል። እዚያ ብገባ የተማርኩት አይባክንም ወይ?» ትላለች።

ይህ ጥያቄ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። መጀመሪያ ግን ሥራውን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ።

ፖላራይዝድ ሌንስ ሆዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ፊልም አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊቪኒል አልኮል የተሠራ ነው። በአዮዲን ወይም በልዩ ቀለም ይነከራል፣ በአንድ አቅጣጫም ይለጠጣል፤ ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች ያን ጊዜ ይሰለፋሉ። ዘዴውን ያወጣው ኤድዊን ላንድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1938። ከውሃና ከአስፋልት ላይ ነጥሮ ዓይን የሚወጋው ብርሃን በአብዛኛው አግድም የሚርገበገብ ነው። ፊልሙ እሱን ውጦ ሌላውን ያሳልፋል።

ሌንሱን ስናመርት ሁለት የመስታወት ሞልዶችን (ቅርጽ ማውጫዎችን) በጋስኬት፣ ማለትም ዙሪያቸውን በሚያሽግ ቀለበት፣ እናያይዛለን። ፊልሙ የፊተኛውን ሞልድ ቅርጽ ይዞ፣ ከሱ በጣም ትንሽ ርቀት ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ፈሳሹ ሞኖመር ከፊልሙ በፊትም በኋላም ይሞላል። ፊልሙ ወደ ፊት የሚጠጋው በምክንያት ነው። የሰውየው ዓይን የሚፈልገው ቁጥር የሚወጣው ከጀርባ በኩል በመሞረድ ነው። ፊልሙ ካዘነበለ ሞራጁ ላዩ ላይ ይደርስበታል።

ሞኖመሩ ሲአር-39 የሚባለው የተለመደው የሌንስ ፕላስቲክ ከሆነ ኦቨን ውስጥ ሙቀቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። ሲጠነክር በመጠን 14 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ፊልሙ ግን አብሮት እንደዚያ አይኮማተርም። ስለዚህ ይጎተታል፣ ይሞገዳል፣ በደንብ ካልያዘም ይላቀቃል። የዚህ ሙያ ጣጣ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ወደ ቁጭቴ ልመለስ።

እኔ የጀመርኩት ሞኖመር ክፍል ነው። ሚዛን፣ ማጣሪያ፣ አየር መምጠጫ ፓምፕ። ራሳችንን የፋብሪካው ጭንቅላት አድርገን ነበር የምናየው። ከኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል አንዲት ትልቅ ሴት ፊልም ያዘጋጁ ነበር። ማድረቂያውን ከፍተው አንዱን ፊልም ከጠርዙ በወረንጦ ያነሱታል። ወደ መብራቱ ያስጠጉትና እጃቸውን ትንሽ ነቅነቅ ያደርጋሉ። ፊልሙ ለስለስ ብሎ ከተንጠለጠለ ያለ አንድ ቃል ይመልሱታል። ደርቆ እንደ መንጠር ካለ «ይሄ ይሄዳል» ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ወደ ጆሯቸው ያስጠጉታል፤ የደረቀው ኮሽ ይላል። በቃ፣ ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም።

አሁን ምክንያቱን በኬሚስትሪ ልነግራችሁ እችላለሁ። ፖሊቪኒል አልኮል ውሃ ወዳድ ነው። ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃው ያለሰልሰዋል። ከደረቀ ይገትራል። ሴትየዋ የሚለኩት በፊልሙ ውስጥ የቀረውን ውሃ ነበር። ያኔ ግን ከኛ መሐል አንድም ሰው እንዲህ ብሎ አላሰበም። «ልምድ ነው» ብለን አለፍነው።

ጡረታ ወጡ። ሽኝቱ ደማቅ ነበር፣ ንግግር ተደረገ፣ ስጦታ ተሰጠ። የሚያውቁትን የጻፈ ግን አልነበረም። በቦታቸው አንድ ልጅ ተመደበ፤ ማድረቂያው ላይም ሰዓት ተገጠመለት። ሰዓቱ ሲጮህ ያወጣል።

ደረቁ ወራት በደህና አለፉ። አየሩ እርጥበት ሲይዝ ነገሩ ተበላሸ። በዚያ ሰሞን ቀጭንና ከፍተኛ ኢንዴክስ (ብርሃን የማጠፍ አቅም) ያለው ሌንስ፣ 1.60 የሚባለውን፣ መሥራት ጀምረን ነበር። የዚያ ሞኖመር አንዱ አካል አይሶሳይኔት ነው። አይሶሳይኔት ውሃ ካገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሌንሶቹን ከሞልድ ስናወጣ ፊልሙን ተከትሎ የተደረደረ ደቃቅ አረፋ አየን። ሲአር-39ዎቹ ደግሞ ሲወጡ ምንም አልነበረባቸውም። ለፍሬም ተሞርደው፣ ለሰው ተሰጥተው፣ ከቆዩ በኋላ ነው ዳር ዳሩን እየተላቀቁ የተመለሱት።

አለቆቻችን ሞኖመር አቅራቢውን ከሰሱ። እኛ ቅመማውን ከለስን፣ ማጣሪያ ቀየርን፣ የኦቨኑን ሙቀት አስተካከልን። ፊልሙን የጠረጠረ አልነበረም፤ የፊልም ክፍል «የእጅ ሥራ» ነዋ! ምክንያቱ፣ ፊልሙ ውስጥ የቀረው እርጥበት፣ የተገኘው ብዙ ሌንስ ከተጣለ በኋላ ነው። እኔን የሚቆጨኝ የሌንሱ ብዛት አይደለም። እኚያን ሴት በየቀኑ በመስኮት አያቸው ነበር። «ምን እያዩ ነው?» ብዬ ብጠይቅ በደስታ ይነግሩኝ ነበር።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከኛ ትፈጥናላችሁ። የኦቨን ሙቀት አወጣጥን በኮምፒውተር አስልታችሁ ታመጣላችሁ፤ እኛ ያን ለማግኘት ስንት ሞልድ ሰነጠቅን። በዚህ እቀናባችኋለሁ። ሰው መጠየቅ ላይ ግን ትሰንፋላችሁ። አጠገባችሁ የሚሠራ ሰው እያለ ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ትፈልጋላችሁ። መቼም እኛም ያልጠየቅነው ቪዲዮ ስለነበረን አይደለም።

ስለ ጓንት፣ ስለ ንጽህና፣ ስለ አቧራ አልመክራችሁም። እሱን ማንም ይነግራችኋል። አንድ ነገር ግን አደራ። ከሞልድ የወጣውን ሌንስ ረዥም የመብራት ቱቦ ሥር ይዛችሁ ቆሙ። ከላዩ የሚመለሰውን የመብራቱን መስመር ተመልከቱ፤ ከዚያ ከውስጥ፣ ከፊልሙ የሚመለሰውን ደብዛዛ መስመር ፈልጉ። የላዩ ቀጥ ብሎ የውስጡ ከተጣመመ ፊልሙ ሞግዷል። ያለ ፊልም የተሠራውን ሌንስ ደግሞ በሁለት የተቃረኑ ፖላራይዘሮች፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ መስቀለኛ በተቀመጡ ሁለት ፖላራይዝድ ፊልሞች፣ መሐል አስገቡት። ውስጡ የታመቀ ውጥረት ካለ በብርሃንና በቀለም ወለል ብሎ ይታያል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳዬን ረስቼ ነው የዋልኩት። ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል።

ለጠያቂዬ፦ ፊልም ክፍል ግቢ። ኬሚስትሪሽ አይባክንም፤ እንዲያውም ፊልሙና ሞኖመሩ የሚገናኙበት ገጽ ላይ ነው የሚያስፈልገው። እርጥበቱን፣ የማጣበቂያ ቅቡን፣ የአዮዲኑን ሙቀት አለመቻል የሚያውቅ ሰው እዚያ የለም። መጀመሪያ ፊልሙን ከማድረቅሽ በፊትና በኋላ መዝኚ፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ደጋግሚው። የክፍሉን እርጥበት አብረሽ መዝግቢ። ከደረቀ በኋላ ጠረጴዛ ላይ አታቆዪው፣ መልሶ ይጠጣል። ክፍሉ ውስጥ የቆየ ሰው ካለ ግን ሚዛኑን ከመግዛትሽ በፊት እሱን አነጋግሪው።

ደመወዙን ደግሞ ሳትፈርሚ ተነጋገሪ። ፊልም ክፍልን ከቅመማ ክፍል አሳንሰው የሚከፍሉ አሉ፤ እኩል ጠይቂ።