5 ላይ 9 ተጽፎ 1 ሲነበብ

ጠያቂያችን በሲ ቋንቋ የጻፈው ፕሮግራም የመሣሪያውን ቁጥር በቀጥታ ኤምቲዲ3 (ሊኑክስ ለአንድ የፍላሽ ክፍል የሚሰጠው ስም) ላይ ያስቀምጣል፤ ቺፑ ኤስፒአይ ኖር ፍላሽ (መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን የሚይዝ ማህደረ ትውስታ) ነው። መጀመሪያ ሠርቷል። ቁጥሩን ሲቀይር ግን 5 በነበረበት 9 ጽፎ 1 ይነበብለታል፤ ራይት (የመጻፊያ ጥሪው) ስህተት አይመልስም። ቺፕ አስቀይሮም ለውጥ የለም።

ያቺ 1 ነገሩን አጋለጠችው፤ ኢሬዝ (ማጥፋት) ሳታደርግ ነው ደርበህ የምትጽፈው። ደህናውን ቺፕ በከንቱ አስነቅለሃል።

ኖር ፍላሽ ኢሬዝ ሲደረግ ቢቶቹ (0 ወይም 1 የሚይዙት ነጠላ ቦታዎች) ሁሉ 1 ይሆናሉ። ራይት የሚችለው 1ን ወደ 0 ማውረድ ብቻ ነው፤ ወደ 1 የሚመልሰው ኢሬዝ ነው። የ5 አስኪ ኮድ (ፊደልና አሃዝ በኮምፒውተር የሚወከልበት ቁጥር) 00110101፣ የ9 ደግሞ 00111001 ነው። በሁለቱም 1 የሆነው ብቻ ሲተርፍ 00110001፣ ማለትም የ1 ኮድ ይሆናል። 7 ላይ 6 ብትጽፍ ያለ እንከን ይሠራል፤ 6 ላይ 7 ብትጽፍ ግን 6 እንደሆነ ይቀራል። ስህተቱ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ሰውን የሚያደናግረው ለዚህ ነው።

ኢሬዝ ከማድረግህ በፊት ፕሮክ በሚባለው የሊኑክስ ማውጫ ውስጥ ያለውን የኤምቲዲ ዝርዝር አንብብ፤ ቡትሎደሩ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የትኛው ክፍል እንደሆነ እወቅ። እሱን ካጠፋህ ቦርዱ አይነሳም፤ ብዙ ጊዜ በውጭ ፕሮግራመር (ቺፑ ላይ በቀጥታ በሚጽፍ መሣሪያ) ካልሆነ አይመለስም። እዚያው ዝርዝር ላይ የምታየው የኢሬዝ መጠን (በአንድ ጊዜ የሚጠፋው ብሎክ ስፋት) በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት) ነው፤ 00010000 ማለት 65,536 ባይት እንጂ አሥር ሺህ አይደለም።

በፕሮግራምህ ኤምቲዲውን ለንባብም ለጽሑፍም ክፈት፤ በአዮክትል (ለሊኑክስ ትእዛዝ መስጫ ጥሪ) ሜም-ጌት-ኢንፎ የብሎኩን መጠን ጠይቅ፤ ብሎኩን ሙሉ ወደ ራም አንብብ፤ ቁጥሩን እዚያ ቀይር፤ በሜም-ኢሬዝ አጥፋና መልሰህ ጻፍ። የኢሬዙ መነሻም ርዝመትም በብሎክ ልክ ካልሆነ እምቢ ይልሃል። ጽፈህ ስትጨርስ አንብበህ አመሳክር።

አንድ ሰው «በኤምቲዲብሎክ ጻፍ፣ ኢሬዙን ራሱ ያደርገዋል» እንዳለህ ጽፈሃል፤ ኤምቲዲብሎክ ያንኑ ክፍል እንደ ዲስክ የሚያቀርብ የሊኑክስ ድራይቨር ነው። ያደርገዋል፤ ግን መሃል ላይ መብራት ከሄደ ብሎኩ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ይልቅ ሁለት ብሎክ ያዝና እያፈራረቅህ ጻፍ፤ በየጽሑፉ ተራ ቁጥርና ሲአርሲ (ጽሑፉ አለመበላሸቱን የሚያረጋግጥ ቁጥር) ጨምር፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ሲአርሲያቸው ልክ ከሆኑት አዲሱን ያንብብ። በየደቂቃው ግን አትጻፍ። የተለመደ ኖር ብሎክ 100,000 ኢሬዝ ያህል ነው የሚችለው፤ ሁለት ብሎክ ብታፈራርቅም 200,000 ደቂቃ 140 ቀን አይሞላም።

ኮድህ ውስጥ «ኤምቲዲ3» ብለህ አትቸንክር፤ ክፍሉን በስሙ ፈልግ። ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ሲቀየር የክፍሉ ቁጥር ሊዛወር ይችላል፤ ያኔ ኢሬዝህ የሚያርፈው ቡትሎደሩ ላይ ሊሆን ይችላል።