በጠፈር ፎቶግራፎች ላይ «ታየ» ስለሚባለው ነገር፦ ጥያቄና መልስ

የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ። ምስል ስትልኩልኝ ግን እባካችሁ ቁጥሩንም ላኩልኝ፤ ቁጥር ካለ ዋናው ቅጂ ተፈልጎ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በማርስ ምስል ላይ የሰው ፊት መስሎ የታየው፣ የማርስ «ፊት» የሚባለው ነገር ሐውልት አለመሆኑን በምን ያውቃሉ?

መልስ፦ ዋናውን ምስል ክፈተው፤ ቁጥሩ 35ኤ72 ነው። የናሳ መንኮራኩር ቫይኪንግ 1 እ.ኤ.አ. በጁላይ 1976 ስታነሳው ፀሐይ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ስለነበር የኮረብታውን አንድ ጎን ጥላ ውጦታል። አንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት አንዱ ነጥብ፣ 50 ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል። አሁን ምስሉን አጉላው፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች በየቦታው ተበትነው ታያለህ። መረጃው ወደ ምድር ሲላክ የጠፋባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ከነሱ አንዷ «የአፍንጫው ቀዳዳ» ላይ አርፋለች። ተቆርጦ የተሰራጨውን ቅጂ ብቻ ያየ ሰው ቀዳዳ ናት ቢል አልፈርድበትም። ሙሉውን ያየ ግን እህቶቿን ሜዳው ላይ ሁሉ ያገኛቸዋል። በ2001 ሌላዋ የናሳ መንኮራኩር ማርስ ግሎባል ሰርቬየር አንዱ ፒክስል ከ2 ሜትር በታች በሆነ ጥራት ስታነሳው የታየው የተሸረሸረ ኮረብታ ነው።

ጥያቄ፦ ናሳ ምስሉን ነካክቶት ቢሆንስ?

መልስ፦ ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ለዚህ ነው የሌላ ተቋም ምስል የምንፈልገው። የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት መንኮራኩር ማርስ ኤክስፕረስ በ2006 ያንኑ ቦታ አንስታለች፤ ያሳየችውም ያንኑ ኮረብታ ነው።

ጥያቄ፦ ማርስ ላይ የምትዞረው የናሳ ተሽከርካሪ ኪዩሪዮሲቲ በ2014 ያነሳችው ብርሃንስ?

መልስ፦ በቀኝ ካሜራ ይታያል፤ ግራው በዚያው ሰከንድ ያነሳው ምስል ላይ ግን የለም። ባለሙያዎቹ ካሜራውን የመታ ከጠፈር የመጣ የኮስሚክ ጨረር ወይም የድንጋይ ነጸብራቅ ሊሆን እንደሚችል አስረድተዋል። ጥንድ ምስል ሳያዩ አንዱን ብቻ ማሰራጨት ሰውን ማሳሳት ነው።

ጥያቄ፦ ኪዩሪዮሲቲ በ2022 ማርስ ላይ ያነሳችው «በር»ስ?

መልስ፦ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የድንጋይ ስንጥቅ ነው።

ጥያቄ፦ በጨረቃ ላይ የተነሱት ፎቶግራፎች ለምን ኮከብ የላቸውም?

መልስ፦ ፀሐይ ላበራችው መሬት የተስተካከለ ካሜራ ብርሃን የሚያስገባው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ኮከብ በዚያ ቅጽበት አይቀረጽም።

ጥያቄ፦ በስልኬ የደረሰኝን ምስል ሳጎላው አራት ማዕዘን ግንቦች አየሁ።

መልስ፦ ጄፔግ የሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ምስልን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ ነው የሚጨምቀው፤ ደጋግሞ ሲቀመጥ ካሬዎቹ ጎልተው ይወጣሉ። የግንቡን ጎን በፒክስል ቁጠሪው፤ ከዚያ ትልቁን ፋይል አውርጂና ያንኑ ቦታ ተመልከቺ። እዚያም ካለ ከነቁጥሩ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።