መልስ፦ ጃመር እያለ ድሮኑ እንዴት ያልፋል?

«ዩክሬን ውስጥ ሁለቱም ወገን ጃመር አለው፤ ታዲያ ትንንሾቹ ድሮኖች እንዴት ያልፋሉ?» ላልከው፦ ጃመር የሬዲዮ ሞገድ የሚያውክ መሣሪያ ነው፤ ከፊሎቹ ድሮኖች ግን በሬዲዮ አይመሩም። በክር ነው የሚመሩት።

ክሩ ፀጉር የሚያህል ፋይበር ኦፕቲክ፣ ማለትም መልእክትን በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር ነው። ጥቅልሉ ድሮኑ ላይ ይታሰራል፤ እየበረረ ከኋላው ይተረተራል። ምስሉም ትእዛዙም በዚያ ስለሚሄድ ጃመሩ የሚያውከው ሞገድ አያገኝም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2024 በስፋት ማሰማራት ጀመረች፤ ዩክሬንም ተከተለች። መንገዶች ላይ እንደ ዳስ የተወጠረው መረብ አንዱ መከላከያ ነው። አሜሪካ የሰጠችው ፓትሪዮት የተባለው የአየር መከላከያ እዚህ አይረዳም፤ አንዱ ሚሳይል ሚሊዮኖች ዶላር ያወጣል፣ ማን ለዚህ ይተኩሰዋል? የሚገርመው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ብዙውን የድሮን ዕቃ ከቻይና ነው የሚያመጡት።

ክሩም ጣጣ አለው። ይከብዳል፣ ዛፍ ላይ ይጠላለፋል፣ ከጥቅልሉ ርዝመት በላይም አያስኬድም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። እኔ መጀመሪያ ላይ ሻሂድ የሚባለውን ሩቅ ተጓዥ የጥቃት ድሮን ከእነዚህ ጋር እየቀላቀልኩ ስንቱን አሳስቻለሁ! ሻሂድ መነሻው ኢራን ነው፤ መቶዎች ኪሎ ሜትር የሚጓዘው በሳተላይት እየተመራ ስለሆነ ጃመር መንገድ ሊያስተው ይችላል። ቪዲዮ ስታይ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለይ።