የአእምሮ ሐኪም መሆን ለምትፈልጉ የጎጃም ተማሪዎች፦ ጠየቃችሁ፣ እነሆ መልሱ

ባለፈው ሳምንት «የአእምሮ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ተማሪ ካለ ይጠይቀኝ» ብዬ ነበር። ሦስት አራት ሰው ቢመጣ ነው ብዬ ነው። ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከደብረ ማርቆስ ጥያቄው ጎረፈ። እኔ የደጀን ልጅ ነኝ። ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ጥቂት ዓመት ሠርቼ አሁን የሥነ አእምሮ ሬዚደንት ነኝ፤ ማለትም እየሠራሁ ስፔሻሊቲ የምማር ሐኪም። ሁሉንም ባልችልም የቻልኩትን ልመልስ።

«10ኛ ክፍል ነኝ። ሳይካትሪስት ለመሆን የተፈጥሮ ሳይንስ ነው ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የምመርጠው?» (ከቡሬ)

የተፈጥሮ ሳይንስ። ሳይካትሪስት ማለት የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ከሁሉ በፊት ሐኪም ነው። እንደማንኛውም ሐኪም አናቶሚ ትማራለህ፣ ሌሊት ተረኛ ትሆናለህ፣ ታዋልዳለህ። ከዚያ በኋላ ነው ቢያንስ ሦስት ዓመት ስፔሻሊቲ የምትማረው። ከዛሬ ብትቆጥር አሥር ዓመት ያልፋል፤ ልደብቅህ አልፈልግም። ሳይኮሎጂ ከሆነ የምትፈልገው መንገዱ ሌላ ነው። ሳይኮሎጂስት በንግግር ያክማል እንጂ መድኃኒት አያዝም። ሁለቱን ካምታታህ አትፈር፣ አጎቴ እስከ ዛሬ ያምታታቸዋል። ግቢ ስትገባ በመጀመሪያው ዓመት ጀነራል ሳይኮሎጂ ትማራለህ፤ እዚያ ትቀምሰዋለህ።

«ኬሚስትሪ አይገባኝም። ሰው ለማዳመጥ ሞል ማስላት ምን ያደርግልኛል?» (ከሞጣ)

ይህችን ጥያቄ ወደድኳት። ፔሪዮዲክ ቴብሉን ግለጪና ቁጥር 3ን እይ፦ ሊቲየም። ከሶዲየም በላይ ተቀምጧል። ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 የሊቲየም ጨው ከልክ ያለፈ የስሜት ግለትን እንደሚያበርድ ጻፈ። እስከ ዛሬ ለባይፖላር ሕመም፣ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ ለሚግልበት አንዴ ለሚወድቅበት ሕመም፣ ከምንሰጣቸው ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ችግሩ፣ የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ደም እንመረምራለን። ውጤቱ የሚመጣው በሊትር ስንት ሚሊሞል ተብሎ ነው። 0.8 ከሆነ ደህና፣ 2 ካለፈ ድንገተኛ ክፍል ነው። ይኸው ሞልሽ!

ገና አልጨረስኩም። ሊቲየምና ሶዲየም ቴብሉ ላይ አንድ አምድ (ግሩፕ) ውስጥ ናቸው፤ ኩላሊትም ብዙ አይለያቸውም። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ኩላሊት ሶዲየም አልለቅም ይላል፣ ሊቲየሙንም አብሮ ይይዘዋል። እንግዲህ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ፀሐይ ላይ ሲያርስ የሚውል ገበሬ ሊቲየም ይወስዳል እንበል። ምን እንደሚገጥመው አንቺው ጨርሺው። ኬሚስትሪ የማያውቅ ሐኪም «ይጾማሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይመጣለትም።

«ደም ሳይ ያዞረኛል።» (ከደብረ ማርቆስ)

እኔንም ያዞረኝ ነበር። ይለመዳል።

«በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ቆይቷል። ከእኩዮቼ ወደ ኋላ ቀረሁ። ተስፋ ልቁረጥ?» (ከቢቸና)

አትቁረጥ ወንድሜ። ሕክምና ክፍል ውስጥ የ18 ዓመት ልጅም የ30 ዓመት ሰውም አብሮ ይቀመጣል። ሬዚደንት ሆነህ ደግሞ ዕድሜህን የሚጠይቅህ የለም። መጽሐፎቹን በፒዲኤፍ ስልክህ ላይ ጫን፤ ኔት ሲመጣ አውርድ፣ ሲጠፋ አንብብ። ከሁሉ አስበልጬ የምመክርህ እንግሊዝኛ ነው። እኛ ጋ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው ባዮሎጂው ጠፍቶት አይደለም፣ ጥያቄው ራሱ ሳይገባው ነው። በቀን አንድ ገጽ ባዮሎጂ በእንግሊዝኛ አንብብና ለታናሽህ በአማርኛ አስረዳ። እሱ ከገባው አንተም ገብቶሃል።

«ዶክተር፣ ልጄ የእብድ ሐኪም ካልሆንኩ ትላለች። ከእብድ ጋር የዋለ አብሮ ያብዳል ሲባል እሰማለሁና ፈራሁ።» (አንዲት እናት)

እናቴ፣ አይፍሩ። የአእምሮ ሕመም እንደ ጉንፋን አይጋባም። የሚደክም ሥራ መሆኑ ግን እውነት ነው፤ ማታ ቤት ስገባ ዝም የምልበት ቀን አለ። እዚህ አገር የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ውጭ አገር መሄድ ነበር። ስለዚህ ገና ጥቂቶች ነን፤ ልጅዎ ሥራ አታጣም። አንድ ነገር ግን ልለምንዎ፦ «እብድ» የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ ይተዉልን።

«ከአሁኑ ምን ልለማመድ? ሆስፒታል ገብቼ ማየት ይቻላል?» (ከፍኖተ ሰላም)

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እኛ ጋ ብዙም አልተለመደም። ግን አያትህን ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ማን ነው? አንተ ውሰዳቸው። ወረፋ ላይ ቁጭ ብለህ ሰው ሕመሙን እንዴት እንደሚናገር ስማ። በአማርኛ «ድብርት አለብኝ» ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። «ልቤን ያቃጥለኛል»፣ «ራሴን ይወቅረኛል»፣ «ሰውነቴ ዛለ» ነው የሚለው። አንዲት እናት በጨጓራ መድኃኒት ብዙ ወራት ተመላልሰው እኔ ጋ ደረሱ። «ሌሊት እንዴት ነው የሚያድሩት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። እኔም ዝም አልኩ። ቆይተው «እሱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። ልጃቸውን ነው። ያን ዝምታ መቻል ማንም አላስተማረኝም፤ ለቅሶ ቤት ከእናቴ ጎን ተቀምጬ የተማርኩት ነው።

በነገራችን ላይ፣ መንገድ ላይ የታመመ ሰው ቀርጸህ ቲክቶክ ላይ የምትለጥፍ ከሆነ ሌላ ሙያ ፈልግ።

«ታላቅ ወንድሜ ለብቻው ያወራል። ግሽ ዓባይ ጸበል እየወሰድነው ነው። ዶክተር ሆኜ እኔው ላክመው ነው የማጠናው። ይሆናል?» (11ኛ ክፍል፣ ከሰከላ)

ከሁሉም ይህ ከበደኝ። ሐኪም የሥጋ ዘመዱን ባያክም ይመረጣል፤ ልብ ያዳላል። ደግሞም ወንድምህ አንተን አሥር ዓመት መጠበቅ የለበትም። ሕመሙ ሳይታከም በቆየ ቁጥር መዳኑ ይከብዳል። ጸበሉን ተው አልልህም። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይችላል። «መድኃኒት ካልተወ» የሚል ሰው ካለ የንስሐ አባታችሁን ይዘህ አነጋግረው። በዚህ ሳምንት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ውሰደው። ብዙ ጊዜ የሚቀበላችሁ የሳይካትሪ ነርስ ነው፤ ሥራውን ያውቀዋል። ቀጠሮ ሲሰጠው አብረኸው ሂድ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ከወሰደ በኋላ እንዴት እንዳደረ በደብተር ጻፍ። ሐኪሙ ሲጠይቅ ያን ደብተር አሳየው።